እግር የማይደርስበት

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ብስክሌት፣
የሰው ደስታ፣ የሰው ዕዳ ሳመላልስ ከቤት ቤት፣
በየሰኔው አንድ ቀን ቦርሳዬ ይከብዳል፤
ቀጭን ፖስታ፣ ውስጡ ቁጥር፣ በየደጁ ይታደላል።
ለጥርስ ሐኪሙ አንድ፣ አንድ ለዳቦ ጋጋሪው፣
አንድ ለዚያ ውሻው ለሚያሳድደኝ ሰው።
«ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤
ፖስተኛ ያደርሳል እንጂ አይከፍትም።

ዘንድሮ ግን በጥር፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣
ቅጹን ሞላሁት፤ ማንም ሳያየኝ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ።
ስም፦ ፒሮሽካ። ከተማ፦ ፎኞድ። ዕድሜ፦ ሃምሳ አንድ።
የዋና ችሎታ፦
እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ፣ ደረቀ እንደ ግንድ።

ብስክሌቱን ተዉት፤ ብስክሌት እኔ ነኝ፤
ሃያ ኪሎ ሜትር ገና ረፋድ ላይ ነው የሚያልቅልኝ።
የሩጫውን አምስት፣ ያ ውሻ ይመስገን፣ ተለማምጄዋለሁ፤
ችግሩ ውሃው ነው። ሰው ዋናተኛ ሲለኝ ዝም ብያለሁ።

በእኛ ዳር የባላቶን ሐይቅ ቸር ነው፣ ሰው አይውጥም፤
ቢሄዱበት ቢሄዱበት ከደረት አይበልጥም።
እዚያው ነው ያደግሁት፣ ስንቦጫረቅ፣
ሲደክመኝ ቆሜ፣ ቆሜ ስስቅ፤
ያ ወተታማ ውሃ ከወገቤ በታች ሸሽጎኝ፣
በአውራ ጣቴ አሸዋ እየነካሁ መዋኘቴን ማን አየኝ?
ውድድሩ ግን ከዚያ ያልፋል። ብርቱካናማው ፊኛ የታሰረው
ጀልባዎች በሚያልፉበት፣ መሬት በሚያልቅበት ነው።

ጎረቤቴ ቪልሞሽ፣ ጡረተኛ አሣ አጥማጅ፣
ለምክር የማይሰስት፣ ለምስጋና ንፉግ ወዳጅ፣
በጀልባው ይከተለኛል፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣
በአንድ እጁ መቅዘፊያ፣ በሌላው ዳቦና ሽንኩርት።
«ውሃ መሰላል አይደለም፤ አትውጪበት፣ ተኚበት!» ይላል፤
እኔ ስጠልቅ ስወጣ፣ እሱ ያኝካል።
በመጀመሪያው ቀን የጀልባዋን ጠርዝ ይዤ አለቀስኩ፤
በሁለተኛው ሰደብኩት፤ በሦስተኛው ቀርቼ ዋልኩ፤
በአራተኛው ፀጉሬን ቆረጥኩና ተመለስኩ።

ማታ ማታ ደግሞ ግቢዬ ውስጥ ሌላ ትርኢት፤
ከእህቴ ልጅ የተዋስኩት የጎማ ልብስ፣ ለእርሷ ልክ፣ ለእኔ ቅጣት።
ዚፑን ስጎትት፣ አንድ እጄ ውስጥ ቀርቶ፣
በአንድ እግሬ ስዘል፣ የቪልሞሽ ሳቅ ከአጥሩ በላይ ወጥቶ፣
የእንቁላል መቀቀያ ሰዓቱ ይጮኻል፦ አራት ደቂቃ!
«እንቁላሉ በሰለ፤ አንቺ ገና ጥሬ ነሽ፣ በቃ!»
እርጥብ እግር ካልሲ አይወድም። ይህን ማን ነገረኝ?
ማንም። ዱቄት ነሰነስኩ፤ ጫማዬ ሊጥ ሆነና አጣበቀኝ።

ሰኔ ገባ። አንድ ጠዋት ከጀልባው ርቄ፣
አውራ ጣቴን ሰደድኩ ወደ ታች፣ የልማዴን፣ ተሳቅቄ፤
አሸዋ የለም።
ብርድ ብቻ። ታች ያለው ብርድ መልስ አይሰጥም።
ልቤ እንደ ማዕበል ማስጠንቀቂያው መብራት ብልጭ ድርግም ሲል፣
ቪልሞሽ ማኘኩን አቆመ። ዝም አለ። (ዝም ይበል!)
ከዚያ ጀርባዬን ሰጠሁት ለውሃው፤ ተኛሁበት፤
ጆሮዬ ሞላ፤ ሰማይ ብቻ ቀረ፣ አንድ ነጭ ወፍ ያለበት።
ተነፈስኩ።
ተነፈስኩ።
ዞርኩና ቀዘፍኩበት።

ዛሬ ፖስታ ቤት ቦርሳዬን ስሞላ፣ ከቀጫጭኖቹ መሐል
አንዱ የእኔን ስም ይላል።
ተራውን አላስዘለልኩትም። ሐኪሙን፣ ጋጋሪውን አድርሼ፣
ውሻውን ረግሜ፣ ቤቴ ደረስኩ በመጨረሻ፣ ላብ ለብሼ።
ደወሉን ደወልኩ፣ ማንም እንደሌለ እያወቅኩ፤
ትንሽ ጠበቅኩ።
«ፒሮሽካ?» አልኩ።
«ነኝ» አልኩና ተቀበልኩ።
ሃያ ሁለት ዓመት ያደረስኩትን ዛሬ ከፈትኩ፦
ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ። አራት መርፌ ቁልፍ ከጎኑ።
እሑድ ነው ቀኑ።
ቪልሞሽ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይጠይቃል፤
«ስንት እንቁላል ልቀቅል?» ይላል።